ከዘራው ጠረጴዛው ላይ እስካለ ድረስ

ሹመቴን ያገኘሁት በጉሮሮዬ ነው። የዕድራችን ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ አንድ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ነው የሚካሄደው። ሰዉ በልቶ፣ ጠግቦ፣ ለመናገር ተሰናድቶ ይመጣል፤ የሚጠፋው አዳማጭ ብቻ ነው። አንድ እሑድ ሁሉም ባንዴ ሲያወራ ትዕግሥቴ አለቀና «ኧረ ዝም በሉ!» ብዬ ብጮህ፣ እንኳን ስብሰባው ኩሽናው ራሱ ጸጥ አለ። ከፊት ለፊቱ ክፍል ምሳ የሚበሉት ፈረንጆች እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሱ አሉ። የዕድራችን ዳኛ ጋሼ ሳቃቸውን እየታገሉ፣ ፀጥታ አስከባሪ ስንፈልግ እሷው ራሷ መጣችልን አሉ፤ ተጨበጨበ፤ ተሾምኩ። ባሌ ደግሞ፣ እቤት ከድሮም የተሾመች ናት ብሎ አከለበት። ለሱ እቤት መልሱን ሰጥቼዋለሁ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን እዚሁ ከተማ ታክሲ ሲነዱ ጨርሰው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ጉልበታቸው ስለከዳቸው ያለ ከዘራ አይራመዱም። ይቺን ከዘራ ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በሷ ላይ ነው።

እኔ የምተዳደረው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ካልቨር ሲቲ ዘጠናን የተሻገሩ አንዲት እንግሊዛዊት ሴትዮ አሉ። ጠዋት ሄጄ አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አውጣቸዋለሁ፣ የቀረውን ሰዓት እንጨቃጨቃለን። እማማ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ሰሞን ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ። እናት ማለት ነው ብላቸው፣ እኔ ወልጄ አላውቅም አሉ። ኦኬ፣ አሁን ወለዱ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ተግባባን።

ከአልጋቸው ራስጌ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። አንድ ሰውዬ ጥቁር ኮት፣ ጉልበት ላይ የሚቀር ሱሪ፣ ጥቁር ስቶኪንግ፣ ዘለበት ያለው ጫማ አድርገው፣ ጎናቸው ላይ ሻሞላ ታጥቀው፣ ትከሻቸው ላይ ደግሞ የኔን ቁመት የሚያህል ወርቃማ ዱላ ተሸክመው ቆመዋል። እኔ ለረጅም ጊዜ የቲያትር ሰው መስለውኝ ነበር። እግራቸው እኮ በስቶኪንግ ከኔ እግር ያምራል። አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ፣ እኚህ ሰውዬ ደግሞ ምን ሲጫወቱ ነው ብዬ ጠየቅኩ።

እማማ ተቆጡ። አያታቸው ኖረዋል ለካ፤ የእንግሊዝ ፓርላማ ሹም። የቲያትር ሰው በማለቴ ያን ቀን ገንፎ አልበላም አሉ፤ ማር ጨምሬ ነው ያባበልኳቸው። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት የገንፎው ማባያ የኚህ ሰው የሥራ ታሪክ ሆነ።

አያትየው በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ። እንግሊዝ ያልያዘችው ቦታ በሌለበት ዘመን ነውና፣ ፀሐይ ሰው በምትጠብስበት አገር ተልከው ወገባቸው ተጎድቶ ተመለሱ። በጦርነት ነው ወይ ብላቸው እማማ ገንፏቸውን እያማሰሉ፣ ግመል ጥሏቸው ነው አሉ። ወገቡ የተጎዳ ወታደር የት ይመደብ ተብሎ ሲታሰብ፣ ፓርላማው በር ላይ አቆሟቸው። ከበር ጠባቂነት ቀስ በቀስ ከፍ ብለው በትር ተሸካሚ ሆኑ። ሥራቸው አፈ ጉባኤው ሲገቡ ከፊት ከፊት እየተራመዱ ያን ወርቃማ ዱላ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በሩ ጋ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ የባለገ አባል ካለ ደግሞ ትከሻውን ነካ አድርጎ ማስወጣት ነው። ዱላው ጠረጴዛው ላይ እስካለ ድረስ የሚወሰነው ሁሉ ሕግ ነው። ዱላው ከተነሳ ግን፣ የፈለገው ሰው የፈለገውን ቢናገር፣ የታክሲ ተራ ወሬ ማለት ነው።

እኔ ይሄንን ስሰማ በሳቅ ሞትኩ። ዓለምን ሲገዙ የኖሩት በዱላ መሆኑን እናውቃለን፣ ለካስ እርስ በርሳቸውም በዱላ ነው! እማማ ግን ዋናው ገና ነው አሉ።

ዋናው የደሴቲቷ ነገር ነው። አያትየው በጎልማሳነታቸው፣ እማማ እንኳ ስሟን አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ የሚሏት አንዲት ቅኝ ግዛት ደሴት ላይ አዲስ ምክር ቤት ሊያስለምዱ ተላኩ። የደሴቷ ሰው የጠየቀው መንገድና ትምህርት ቤት ነበር፤ የተላከለት ዱላ ነው። እሱም ቢሆን አልደረሰም፤ ሳጥኑ ከመርከቧ ሳይወርድ መርከቧ ቀጥላ ወደ ሌላ ደሴት ሄደች። ገዥው ላባ ያለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ደርሰዋል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ዱላ የለም። አያትየው ወደ ባሕሩ ሮጡና ከአንድ ዓሣ አጥማጅ መቅዘፊያውን ተዋሱ። በመጋረጃ ጠቅልለው፣ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ኮስተር ብለው ገቡ። ጉባኤው ተከፈተ።

ገዥው ንግግራቸውን አረዘሙ። ዓሣ አጥማጁ ውጭ ሲጠብቅ ሲጠብቅ መረረው፤ የሱ ሆድ ንግግር አይበላ ነገር። ዘው ብሎ ገባ፣ መቅዘፊያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ መጋረጃውን ገፎ ለገዥው ሰጣቸውና ወደ በሩ ሄደ። አያትየው ምን ያድርጉ? ደንቡ፣ በትሩን ለያዘ ሰው እጅ ይነሳል ነው የሚለው። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱትና በሩን ከፈቱለት። ጉባኤው በዚያው ተበተነ፣ ገዥው መጋረጃቸውን ታቅፈው ቀሩ። «በሥራ ዘመኔ እጅ ከነሳኋቸው ሁሉ ያለ አንዳች ጥርጣሬ የሚገባው እሱ ነበር ይሉ ነበር አያቴ» አሉኝ እማማ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ ደግሞ ጉድ ሰምቼ አፌን አልይዝም። የሚቀጥለው እሑድ ለዕድሩ ተረኩት። ሁሉም ስቆ ሊረሳው ሲል፣ አንድ ሰው ግን አልሳቀም። ፓርኪንግ ሎት የሚያሠራ፣ የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው አለን፤ ባለ ደንቡ ነው የምንለው። እሱ ተነሳና፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሥርዓት ነው፣ እኛን የጎደለን ይሄ ነው አለ። ወርቃማ ዱላ ከየት ይምጣ ሲባል የሁሉም ዓይን ወደ ጋሼ ከዘራ ሄደ። እንዲህ ሆኖ የጋሼ ከዘራ የዕድራችን በትር ሆነች። እኔም በትር ተሸካሚ። ስብሰባ ሲጀመር ከጋሼ ፊት ፊት ተሸክሜያት እገባለሁ። ጋሼ ያለ ከዘራ መራመድ ስለማይችሉ በሌላ እጄ እሳቸውን እደግፋለሁ።

ችግሩ ማንም ባላሰበው በኩል መጣ። ጋሼ የደም ግፊት አለባቸው፣ የሚያሸና ክኒን ይውጣሉ። ሽንት ቤት ለመሄድ ሲነሱ ከዘራቸውን ይዘው ነው። ከዘራው ከጠረጴዛው ሲነሳ ባለ ደንቡ እጁን አጨብጭቦ «ጉባኤው ተቋርጧል!» ይላል። ቢመለሱም እንደገና ተሸክሜ ላስገባ ነው። ከመቀመጣቸው ደግሞ ይነሳሉ። እንዲያ እያልን፣ ለሐዘን ቤት ወንበር የምንገዛበትን ጉዳይ ከፋሲካ እስከ ፍልሰታ ተነጋገርንበት።

ድምፅ አሰጣጡም ለብቻው መከራ ነበር። እማማ እንግሊዞቹ እየተነሱ በተለያየ በር ወጥተው ነው የሚቆጠሩት ብለውኝ ስለነበር፣ እሱንም ሞከርነው። የደገፈ በኩሽናው በር፣ የተቃወመ በፓርኪንጉ በር ይውጣ ተባለ። ኩሽና የገቡት እየቀማመሱ ቀሩ። ፓርኪንግ የወጡት ደግሞ መኪናቸውን ሲያዩ ጊዜ ቤታቸው ትዝ አላቸውና ድራይቭ አድርገው ሄዱ። ስለዚህ ይቅርብን፣ የደገፈ ካለበት ብድግ ይበል ተብሎ ተወሰነ። ይሄንንም ደንብ ያስገባው ባለ ደንቡ ነው፤ እንዳትረሱት።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። አንድ ቀን ሃውቶርን በሚባለው ሰፈር የአንድ አባላችን እናት ዐርፈው ለቀብር ፈቃድ ጠየቅኩ። ስመለስ እማማ እንዴት ነበር አሉኝ። መኪናው መንገዱን ዘግቶት፣ ሰው ተራ ይዞ አፈር ሲያለብስ፣ ከዚያ ድንኳን ውስጥ ምግብ ሲቀርብ፣ ማታ ማታም ሰው ሲያድር ብዬ ነገርኳቸው። እኛ እኮ ስንጸልይ ቀባሪ አታሳጣኝ ነው የምንለው አልኳቸው። እማማ ገንፏቸውን ተዉት። ባላቸውን ሲቀብሩ እሳቸውና ሬሳ የጫነው መኪና ሾፌር ብቻ ነበሩ። ሾፌሩም ሰዓቱን ያይ ነበር አሉ። አያታቸው ሲሞቱ ደግሞ ዝናብ ነበር፤ አበባ ያልላከ የለም፣ የመጣ ግን የለም። ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ሲቆሙ ኖረው፣ ለሳቸው የቆመላቸው አልነበረም። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና ዕድራችሁ ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው አሉኝ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«እኔ ስሞት ዝናብ እንኳ የለም የሚያመካኙበት» አሉ። «ይሄ ሎስ አንጀለስ ነው።»

እኔ ሰው ነኝ፣ ድንጋይ አይደለሁም፤ አስገባዎታለሁ ብዬ ማልኩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀባሪ አታሳጣኝን በአማርኛ ተለማመዱ። ሰው ሲነሳልዎ «በእግዜር» ይበሉ ብዬም አስጠናኋቸው፤ ለልምምድ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ስል ወገቤ ተቀነጠሰ። ተነሺ፣ ደግመሽ ተነሺ ይሉኛል፣ ደስ ብሏቸው። የበትር ተሸካሚ ዘር አይደሉ!

በስብሰባው ቀን እማማን ይዤያቸው ሄድኩ። አባል ያልሆነ ወደ ስብሰባው ክፍል አይገባም፤ ይሄም የባለ ደንቡ ነው። ከፊት ባለው ክፍል ሽሮ አዝዤላቸው፣ ተደግፈው የሚሄዱበትን ብረት፣ ዎከራቸውን፣ አጠገባቸው አቁሜ፣ የጋሼን ከዘራ ተሸክሜ ገባሁ። ጉዳዩን አቀረብኩ። ብቻቸውን ናቸው፣ መዋጮውን ይከፍላሉ፣ የሚፈልጉት የሚቀብራቸው ሰው ብቻ ነው አልኩ።

ባለ ደንቡ ተነሳ። ደንቡ ኢትዮጵያዊ ወይም በጋብቻ የተዛመደ ነው የሚለው አለ። ዛሬ አንድ ብንቀበል ነገ አገሩ ሁሉ እኛ ላይ ሊሞት ነው አለ። ደግሞስ ለቅሶ ላይ ማልቀስ ይችላሉ ወይ አለ። እኔ በሆዴ፣ አንተ ራስህ ለቅሶ ላይ ስልክህን ስታይ አይደል የምትውለው አልኩ። በሆዴ ነው የመሰለኝ እንጂ ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ሰው ሳቀ። ባለ ደንቡ፣ ፀጥታ አስከባሪዋን ማን ጸጥ ያሰኛት ብሎ አቤቱታ አቀረበ። እውነቱን ነው፤ ራሴን ጸጥ አሰኘሁ።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሰውየው ንግግሩን እያስረዘመ ዓይኑ ጋሼ ላይ ነው። ጋሼ ወንበራቸው ላይ አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በዚያ ጎን ይላሉ። በደንቡ መሠረት፣ ውሳኔ ሳያገኝ ከዘራው የተነሳበት አዲስ የአባልነት ጥያቄ እስከሚቀጥለው ዓመት አይነሳም። ዘጠና ላለፈ ሰው የሚቀጥለው ዓመት ሩቅ አገር ነው። ለካስ ሰውየው የሚጠብቀው የጋሼን ፊኛ ኖሯል! ወይ ተንኮል፣ ወይ ተንኮል። ውሃ በጠርሙስ እያስሞላ ፊታቸው ያስቀመጠውም እሱ ነው፤ ክቡር ዳኛችን ጉሮሯቸው እንዳይደርቅ ብሎ።

ጋሼ ገብቷቸዋል። ከዘራዋ ላይ መዳፋቸውን ጭነው ጥርሳቸውን ነክሰዋል። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። ለማያውቋቸው ሴትዮ ብለው ነው፤ ያን ጊዜ እንዴት እንደወደድኳቸው! ባለ ደንቡ አንቀጽ ከንዑስ አንቀጽ እያማረጠ ሄደ። በመጨረሻ ጋሼ መሐል አቋርጠው «ይበቃል፤ ሴትዮዋ ይግቡ የሚል ብድግ ይበል» አሉ።

እኔ ቆሜያለሁ። ባሌ ተነሳ፤ ባይነሳ ያውቃል። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ተነሳ። የቀረው ሰው ጫማውን ያያል። ክፉ ሆነው አይደለም። አገሩ ሰውን ፈሪ ያደርጋል፣ ያለንን እንዳናጣ ነው የምንሰጋው። ግን እማማ ከበሩ ማዶ ሽሯቸውን እየበሉ ነው፤ ወጥቼ ምን ልላቸው ነው አልኩ። ባለ ደንቡ ከበሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ እግሩን አነባብሮ ፈገግ ብሏል። ጋሼ ውጤቱን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በሩ ተከፈተ።

ወደ ሽንት ቤቱ የሚታለፈው በኛ ክፍል በኩል ነው። ሽሮው ቃሪያ ነበረበት፣ እማማ ውሃ ጠጥተዋል፣ ክኒኑን እሳቸውም ይውጣሉ። በዎከራቸው እየተደገፉ፣ ሽበታቸውን አበጥሬላቸው፣ ነጠላ እንኳ አልብሼያቸው ነበርና፣ ቀስ ብለው ብቅ አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ።

«ኖር! ኖር!» ተባለ ከዳር እስከ ዳር። ማንም አላሰበበትም። የዘጠና ዓመት አዛውንት ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚቀር ሰው እናት አላሳደገችውም። መጀመሪያ የተነሳው፣ በሩ አጠገቡ ስለነበር፣ ባለ ደንቡ ነው። ጎንበስ ብሎ በሩን እስኪያልፉ ያዘላቸው።

እማማ ያን ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያዩ ደነገጡ። ዎከራቸውን ወደ ጎን አደረጉና ቀስ ብለው ዞረው ወደ ኋላቸው፣ ወደ በሩ ተመለከቱ።

«ማን መጣ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም። በዚያ በተሾምኩበት ጉሮሮ፣ አሁን ግን ቀስ ብዬ፣ እርስዎ ነዎት እማማ፣ ለእርስዎ ነው አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ በዚያ በእንግሊዝ አፋቸው «በእግዜር» አሉ። ከኋላ አንዲት ሴት አለቀሰች። እኔም አልቀርኩም።

ባለ ደንቡ ሌላው ተነስቶ መቆሙን ሲያይ ነገሩ ገባው። ይሄ አይቆጠርም፣ እኔ የተነሳሁት ለአክብሮት ነው እንጂ ለድምፅ አይደለም ብሎ ጮኸ። ጋሼ ወደኔ ዞሩና፣ ከዘራው የት ነው ያለው አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ ነው አልኩ። የደገፈ ብድግ ይበል የሚለውን ደንብ ማን ነው ያስገባው አሉ። እሱ ነው አልኩ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ያልደገፈ ካለ፣ እሳቸው ሳይቀመጡ እሱ ቀድሞ ይቀመጥ» አሉ ጋሼ።

ማን ደፍሮ ይቀመጣል? ባለ ደንቡ ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርጎ ነበር፤ እማማ ሲያዩት መልሶ ዘረጋው። እማማም አልተቀመጡም። አያታቸው ጉባኤው ሳይቀመጥ መቀመጥ ነውር ነው ብለው አሳድገዋቸዋል። እኛ እሳቸውን እንጠብቃለን፣ እሳቸው እኛን ይጠብቃሉ። ስንተያይ ቆየን። ጋሼ ናቸው ያበቁት፤ ከዘራዋን ብድግ አድርገው፣ በእግዚአብሔር ተቀመጡ፣ ጉባኤው ተዘግቷል ብለው ወደ ሽንት ቤቱ ተፈተለኩ። እማማም ለካ ጉዳያቸው ያው ነው። ሁለቱ በሩ ላይ ተገናኙ። አንቱ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ፣ ሲባባሉ፣ ጋሼ ላቡ እየወረደ እጅ ነስተው በሩን ከፈቱላቸው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚያች ደቂቃ ጀግና ሆነው አያውቁም።

ወደ ካልቨር ሲቲ ስንመለስ እማማ መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። አያቴ ሁልጊዜ ያወሩልኝ በሩ ጋ ሆነው ያዩትን ነው፤ ስትገቢ ሰው ሲነሳልሽ ምን እንደሚሰማሽ ግን አልነገሩኝም፣ አያውቁትማ አሉኝ። ራዲዮ ከፈትኩላቸው።

ቤት ሳንደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ባለ ደንቡ ነው። ልሰድበው አፌን ሳዘጋጅ፣ ነገ ሃውቶርን ቀብር አለ፣ አዲሷ አባል መቅረት አይችሉም፣ ደንብ ነው፣ ዎከራቸው ሣር ላይ ስለማይሄድ እኔ መጥቼ እደግፋቸዋለሁ አለ። ለእማማ ተረጎምኩላቸው። ቀና ብለው ተቀመጡና፣ እንግዲያው ጥቁሩን ስቶኪንጌን አውጪልኝ፣ እንዳይሸበሸብ አድርገሽ አሉኝ።